«አሸነፍን» ስለ ማለት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ሁለት ዓይነት ደስታ ያገኛል። አንደኛው በገዛ ላቡና በገዛ ድካሙ የሚያፈራው ደስታ ነው፤ ይኸውም ገበሬ አዝመራውን ሲያስገባ፣ ተማሪ ፈተናውን ሲያልፍ፣ ሸማኔ ጋቢውን ሠርቶ ሲጨርስ የሚሰማቸው ነው። ሁለተኛው ግን ሌሎች ሰዎች ደክመው ባገኙት ነገር ተካፋይ በመሆን የሚመጣ ደስታ ነው። የመጀመሪያውን ጠቢባን ሁሉ አመስግነውታል። ሁለተኛውን ግን አንዳንዱ ሰው የሰነፍ ደስታ ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይመረምር እንደ ጎርፍ ይወሰድበታል። እኔም በዚህች ጽሑፍ ይህ ሁለተኛው ደስታ የተገባ መሆኑንና አለመሆኑን፣ የተገባ ከሆነም ምን ዕዳ እንደሚያስከትል ለመመርመር አስቤአለሁ።

ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው ነገር ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲያልቅ በኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ምክንያት የሚነሣው ደስታና ኀዘን ነው። ነገር ግን የሰው ጠባይ በቁም ነገር ጊዜ ተሸፍኖ በጨዋታ ጊዜ ይገለጣልና አንባቢ ታግሦ እንዲከተለኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ይህን ጨዋታ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል፣ ትውልዱ ከካናዳ የሆነ አስተማሪ ነው። በ1891 በዲሴምበር ወር፣ በማሳቹሴትስ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ብርዱ ተማሪዎቹን ወደ ውጭ ስለማያስወጣቸው በቤት ውስጥ የሚጫወቱት አንድ ነገር እንዲፈልግላቸው ታዘዘ። እርሱም ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ከፍ ባለ ቦታ ወዲያና ወዲህ አስቸነከረ፤ 13 ደንቦች ጻፈ፤ 18 ተማሪዎችንም ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፍሎ አጫወታቸው። በዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሷ ቅርጫት የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ናይስሚዝ በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የዚያ ቡድን የመጀመሪያ አሠልጣኝ ሆነ። የሚያስደንቀው ነገር ግን ጨዋታውን የፈጠረው ሰው በዚያ ሲያሠለጥን 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ መሸነፉ ነው። ዕድል ለፈጣሪዋ እንኳ እንደማታደላ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ዛሬ ከ350 በላይ የሚሆኑ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በከፍተኛው ማዕርግ ቡድን አላቸው። የመጨረሻው ታላቅ ውድድር በ1939 በስምንት ቡድኖች ተጀመረ፤ በ1985 64፣ በ2011 ደግሞ 68 ሆኑ። የሚደረገው በማርች ወር ስለሆነ ሕዝቡ «የማርች እብደት» ብሎ ይጠራዋል። ደንቡ ጨካኝ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ይወጣል። ክረምቱን ሙሉ የተደከመበት ነገር በ40 ደቂቃ ጨዋታ ያልቃል።

ከዚህ ውድድር በፊት ያሉት ሳምንቶች ደግሞ ለደጋፊው ከሁሉ የባሱ ናቸው። ቡድኖቹ በየማኅበራቸው ተከፋፍለው ይጋጠማሉ፤ የየማኅበሩ አሸናፊ በቀጥታ ይገባል፤ የቀሩትን ግን የተሾሙ መራጮች ተሰብስበው ይመርጧቸዋል፤ ስማቸውም በአንድ እሑድ ቀን ይነገራል። ስለዚህ ቡድኑ በመግባትና ባለመግባት መካከል የተንጠለጠለ ደጋፊ ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። በስም እንኳ በማያውቀው ሩቅ ከተማ፣ አይቷቸው የማያውቃቸው ሁለት ቡድኖች ሲጋጠሙ፣ «እነዚህ ቢያሸንፉ እኛ እንገባለን፤ እነዚያ ቢያሸንፉ እኛ እንወጣለን» እያለ ይጨነቃል። እንግዲህ «እኛ» የምትለውን ይህችን ቃል ልብ በሏት፤ የምመረምረው እርሷን ነው።

ነገሩ እኔን ራሴን እንዴት እንዳገኘኝ ልናገር። እኔ የምኖረው በዋሽንግተን አጠገብ፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ሥራዬም መኪና ማቆሚያ ቤት መጠበቅ ነው። ልጄ በ2016 ወደ ሻርሎትስቪል ሄዶ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መማር ጀመረ። በስልክ ስንገናኝ እኔ «በልተሃል? አጥንተሃል? ገንዘብ አለህ?» እለዋለሁ፤ እርሱም «አዎ፤ አዎ፤ አለኝ» ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም እንላለን። እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። አማርኛው ለእርሱ ጠበበው፤ እንግሊዝኛው ለእኔ ጠበበኝ። አንድ ቀን ግን ስለ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲናገር ድምፁ ተለወጠ። እኔም ጨዋታውን በማላውቀው ዓይኔ ማየት ጀመርሁ፤ ደንቡንም ቀስ በቀስ ተማርሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ስናነሣ አንድ ሰዓት ሙሉ የምንነጋገረው አገኘን። «አሸነፍን አባዬ» ይለኛል፤ እኔም «አሸነፍን ልጄ» እለዋለሁ። በሥራ ቦታዬም ለጓደኞቼ ሁሉ ጠዋት ጠዋት «ትናንት አሸነፍን» እያልሁ እመካ ነበር።

በ2018 የቨርጂኒያ ቡድን 31 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ወደ ታላቁ ውድድር ገባ። መራጮቹ ከ68ቱ ሁሉ የመጀመሪያ አድርገው አስቀመጡት። ማርች 16 ቀን ማታ የገጠመው ቡድን ደግሞ በባልቲሞር አጠገብ ካለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የመጣ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ ሳይሆን ይልቁንም በቼዝ ጨዋታ የሚታወቅ ሲሆን፣ ቡድኑም በምድቡ 16ኛ፣ ማለት የመጨረሻው ነበር። ወደ ውድድሩ የገባውም ከስድስት ቀን በፊት በቬርሞንት በመጨረሻዋ ሰከንድ በገባች አንዲት ኳስ ነው። ከ1985 ጀምሮ በወንዶቹ ውድድር 1ኛውና 16ኛው 135 ጊዜ ተጋጥመው 16ኛው አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፎ አያውቅም። እውነት ነው፤ በሴቶቹ ውድድር በ1998 ሃርቫርድ ስታንፎርድን በዚህ ዓይነት አሸንፏል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር።

እስከ ዕረፍት 21 ለ21 ሆኑ። ከዕረፍት በኋላ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ቨርጂኒያ 74 ለ54 ተሸነፈ። ከዋናዎቹ ተጫዋቾች አንዱ በዚያው ሳምንት የእጅ አንጓው ተሰብሮ ስለ ነበረ አልተጫወተም፤ ነገር ግን ይህ ብቻ 20 ነጥብ ሊያስበልጥ አይችልም።

እኔም ያን ሌሊት ለልጄ ደወልሁና «እነዚህ ልጆች አሳፈሩ! ምን ዓይነት ልበ ቢሶች ናቸው? ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ የተነገረላቸው?» አልሁት። ልጄ ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «አባዬ፤ እስከ ትናንት ድረስ እኛ ነበር የምትለው» አለኝ። ቀጥሎም «ከእነርሱ አንዱ ሰኞ ክፍል ስንገባ ከፊቴ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ምን ልበለው?» አለኝና ደኅና እደር ብሎኝ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ስልካችን ወደ ቀድሞው «አዎ፤ አዎ፤ አለኝ» ተመለሰ።

በዚያ ሌሊት የተናገርሁት ነገር የእኔ ብቻ ጠባይ አለመሆኑን በኋላ ተረዳሁት። በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የሚባል የሥነ ልቡና መምህር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ መርምሮ አሳትሞ ነበር። የእግር ኳስ ቡድናቸው ባሸነፈ ማግሥት የዩኒቨርሲቲውን ስም ወይም ምልክት የያዘ ልብስ ለብሰው የሚመጡ ተማሪዎች ከሌላው ጊዜ እንደሚበዙ፣ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁም ስለ ድል ሲናገሩ «እኛ» ማለትን፣ ስለ ሽንፈት ሲናገሩ ግን «እነርሱ» ማለትን እንደሚያዘወትሩ አገኘ። እንግዲህ ሰው ድልን እንደ ካባ ይደርበዋል፤ ሽንፈትን ግን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ያስቀምጠዋል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ይህንኑ ጠባይ ያሳያል፤ ልዩነቱ ግን እዚህ ምሳሩን የሚያነሣው ትናንት በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ የነበረው ሰው መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ይመጣል። ሰው ባልተጫወተበት ጨዋታ «አሸነፍን» ማለቱ የተገባ ነውን? ወይስ የተሻለው ነገሩን ጨርሶ መተው ነው?

ተቃዋሚው የሚያቀርባቸውን ምክንያቶች በቅን ልቡና እንስማቸው፤ ቀላል አይደሉምና። የመጀመሪያው የጥንት ፈላስፎች ምክንያት ነው። ባሪያ ሆኖ የኖረው ኤፒክቴተስ በእጃችን ያለውን ነገር በእጃችን ከሌለው እንድንለይ፣ ልባችንንም በእጃችን በሌለው ነገር ላይ እንዳናሠር አስተምሯል። ሻርሎት ከተማ ላይ የሚወረወር ኳስ አሌክሳንድሪያ ላይ በተቀመጠ ሰው እጅ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ነው። በ2010 የዚህ ውድድር የቴሌቪዥን መብት ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያስገኙት ወጣቶች ግን እስከ 2021 ድረስ ከትምህርትና ከቀለብ በቀር ደመወዝ የሚባል አልነበራቸውም። ሦስተኛው የቁማር ነው። በ1950 የኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ቡድን በአንድ ዓመት ሁለቱን ታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ ከተማውን ሁሉ አስጨፍሮ ነበር፤ ይህንንም ከእርሱ በቀር ያደረገ ቡድን የለም። በማግሥቱ ዓመት በ1951 ግን ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ከቁማርተኞች ገንዘብ እየተቀበሉ ነጥብ ያጓድሉ እንደ ነበር ታወቀና ተያዙ። «አሸነፍን» ብሎ የጨፈረው ሕዝብ በሌላ ሰው ቁማር ላይ ኖሯል የጨፈረው። በ2018 ደግሞ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በስፖርት መወራረድን ሊፈቅድ እንደሚችል ስለ ፈረደ፣ ዛሬ ብዙው ሰው ኳሱን የሚያየው በልቡ ሳይሆን በኪሱ ነው።

እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የሚወጣው ፍርድ ተቃዋሚው የሚፈልገው አይመስለኝም። ገንዘቡና ቁማሩ የሚያስረዱን ሰዎች መልካሙን ነገር ሊነግዱበት እንደሚችሉ ነው፤ ነገሩ ራሱ ክፉ መሆኑን አያስረዱም። የፈላስፋውንም ምክር እስከ መጨረሻው ብንከተለው ወዴት ያደርሰናል? የልጄ ዕድል በእጄ አይደለም፤ ይታመም፣ ይድን፣ ያልፍ፣ ይወድቅ እንደሆነ እኔ አላዝበትም። ታዲያ ልቤን ከእርሱ ላንሣ? እንዲህ ከሆነ ጥበብ ሳይሆን በድንነት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ፍጻሜ በእጄ ባይሆንም፣ ከጎኑ መቆሜና አለመቆሜ ግን በእጄ ነው። ኤፒክቴተስም ቢሆን በእጄ ያለውን አጥብቄ እንድይዝ እንጂ እንድጥል አላዘዘኝም።

ደግሞም ሰው በገዛ እጁ ባልሠራው ነገር «እኛ» ማለት ፈጽሞ የማይገባው ከሆነ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነገርም እናጣለን። ትልቁን ነገር ከትንሹ ጋር ማነጻጸሬን አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን፣ በፈረንጆች ማርች መጀመሪያ ላይ ማለት ነው፣ እኛ ከአገር ርቀን ያለነው ኢትዮጵያውያን ሁሉ «በአድዋ ድል አደረግን» እንላለን። ከመካከላችን በ1896 በዚያ ተራራ ላይ የነበረ አንድም ሰው የለም። ሆኖም ይህን የሚል ሰው ዋሸ የሚለው የለም። ስለምን? ይህ «እኛ» ዕዳ ያለበት ቃል ስለሆነ ነው። በአባቶቹ ድል የሚመካ ሰው የአባቶቹን አገር ለመጠበቅ፣ ኀዘኗንም ለማዘን፣ ስሟንም ላለማሳፈር ግዴታ ገብቷል። ግዴታውን ሳይገባ ክብሩን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን ሌባ ነው፤ በእርግጥ የሚሰርቀው ዕቃ በዓይን አይታይም።

ስለዚህ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ «አሸነፍን» ማለት የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን «ተሸነፍን» ለማለት ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ከዚህም ፍርድ ለደጋፊ ሦስት ግዴታዎች ይወጣሉ።

1ኛ፤ በሽንፈት ጊዜ አለመሄድ ነው። ሁሉ ሲሞላ የሚመጣ ወዳጅ ብዙ ነው፤ የቁርጥ ቀን ወዳጅ ግን ጥቂት ነው። የቨርጂኒያ ልጆች ከዚያ ውርደት በኋላ ዓመቱን ሙሉ የአገር መሳለቂያ ሆነው ኖሩ። በ2019 እንደገና በምድባቸው 1ኛ ሆነው ገቡ፤ እንደገናም 16ኛ ከሆነ ቡድን ጋር ተጋጠሙ፤ በመጀመሪያው ክፍል በ14 ነጥብ ተመሩ። ያን ሰዓት በየቤቱ ስንት ሰው «አበቃ» ብሎ ቴሌቪዥኑን እንደ ዘጋ ማን ያውቃል? እነርሱ ግን አሸነፉ፤ ከዚያም በኋላ ኤፕሪል 8 ቀን በሚኒያፖሊስ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ጊዜ 85 ለ77 አሸንፈው በታሪካቸው የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰዱ። አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ግን ዋንጫው የመታገሥ ደመወዝ ነው ለማለት አለመሆኔን ነው። ብዙ ደጋፊ ዕድሜውን ሙሉ ታግሦ ምንም አያገኝም። ነገር ግን በ2018 የሄደ ሰው በ2019 ተመልሶ ሲጨፍር ከጎኑ ካልሄደው ሰው ጋር አንድ ዓይነት ደስታ አይደሰትም። የአንዱ የራሱ ነው፤ የሌላው የተዋሰው ነው።

2ኛ፤ ወጣቶቹን አለመርገም ነው። እነዚህ ተጫዋቾች የ19ና የ20 ዓመት ልጆች ናቸው። በ1993 በመጨረሻው ግጥሚያ ሚሺጋን በሁለት ነጥብ ተበልጦ ሳለ፣ 11 ሰከንድ ሲቀር፣ ክሪስ ዌበር የተባለው የ20 ዓመት ወጣት ቡድኑ የዕረፍት መጠየቂያ መብቱን መጨረሱን ሳያስታውስ ዕረፍት ጠየቀ፤ ተቀጡና 77 ለ71 ተሸነፉ። ያን ቀን 23 ነጥብ ያስገባው እርሱ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያስታውስለት ግን ያችን አንዲት ስሕተት ነው። ዛሬ ደግሞ በውርርድ ገንዘቡን ያጣ ሰው ሁሉ በመልእክት ሊሰድባቸው ይችላል። በአገራችን በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ አይቆጣም ይባል ነበር፤ ድሃው ባለጠጋውን፣ ሎሌውም ጌታውን እንዲተርብ ተፈቅዶለት ነበር። ነገር ግን ስድቡ ከጨዋታው ጋር ይጀምራል፤ ከጨዋታው ጋር ያልቃል፤ ሰዳቢውም ፊት ለፊት ቆሞ የእርሱንም ይቀበል ነበር። ፊቱን ሸሽጎ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ አንድ ወጣት ከመኝታ ቤቱ ድረስ ተከትሎ የሚሳደብ ሰው ጨዋታን ሳይሆን ጭካኔን ነው የሚወደው። እኔም በስልክ ለልጄ «ልበ ቢሶች» ስል ከዚህ ሰው የምለየው የምሰድባቸው ስላልሰሙኝ ብቻ ነው።

3ኛ፤ ተሸናፊውን ማሰብ ነው። በ2019 ቨርጂኒያ ዋንጫውን ከመውሰዱ በፊት ፐርዱን በተጨማሪ ጊዜ አሸንፎ ነበር፤ በዚያ ጨዋታ የፐርዱው ካርሰን ኤድዋርድስ ብቻውን 42 ነጥብ አስገብቶ ተሸንፎ ወጣ። ቀጥሎ ኦበርንን ሲገጥሙ፣ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲቀር ካይል ጋይ ሦስት የቅጣት ኳሶች አገኘና ሦስቱንም አስገብቶ 63 ለ62 አሸነፉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ከወንበሬ ተነሥቼ አለቀስሁ። በኋላ ግን ሲታይ ከዚያች ቅጣት ጥቂት ሰከንድ በፊት የእኛው ተጫዋች ኳስ ሲያነጥር የሠራውን ስሕተት ዳኞቹ ሳያዩት አልፈዋል። አይተውት ቢሆን ኖሮ ኳሱ የኦበርን ነበር። ለእኔ ጸጋ የሆነችው ደቂቃ በአላባማ ላለ አንድ አባት ግፍ ነበረች። በ68 ቡድን ውድድር 67ቱ የሚወጡት ተሸንፈው ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከሁሉ የሚበዛው ማኅበር የኀዘንተኞች ማኅበር ነው። ፐርዱ ራሱ በ2023 እንደ እኛው 1ኛ ሆኖ በ16ኛው ቡድን 63 ለ58 ሲሸነፍ፣ ከልጄ ጋር ስልክ ላይ አልሳቅንም። በማግሥቱ ዓመት እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ሲደርሱም ባናውቃቸውም ደስ አለን።

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ስለ ፍጻሜ ነው። ፍጻሜ የሌለው ዓመት ቢመጣስ? እንዲህ ያለ ዓመትም አይተናል። በ2020 በኦሃዮ ያለው የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 29 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሁለቱንም በተጨማሪ ጊዜ፣ ተሸንፎ ነበር። የዴይተን ከተማ በየዓመቱ የውድድሩን የመጀመሪያ ጨዋታዎች የምታስተናግድ ናት፤ ሕዝቧም የሌላውን ቡድን ዕድል ተቀምጦ ሲያይ የኖረ ነው። ያን ዓመት ተራው የራሱ መሰለው። ማርች 12 ቀን ግን በተላላፊው በሽታ ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። ያ ቡድን ያሸንፍ ወይም ይሸነፍ እንደ ነበር እስከ ዓለም ፍጻሜ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ያ ሕዝብ ምንም አላገኘም እንበልን? አይደለም። ብርዱን አብሮ የተሻገረበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተነጋገረበት፣ አባት ከልጁ ጋር የተስማማበት አንድ ክረምት አግኝቷል፤ ይህንን ደግሞ ማንም ሊሰርዘው አይችልም። ድል ቢመጣ ኖሮ የዚህ ክረምት ጌጥ በሆነ ነበር እንጂ ክረምቱ ራሱ አይሆንም ነበር።

ፍጻሜውን አስቀድሞ ለማወቅ የሚደክሙ ሰዎችም አሉ። ሚሊዮን ሰዎች በየዓመቱ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ በወረቀት ላይ ይሞላሉ። የ63ቱን ጨዋታ ውጤት እንዲያው በግምት አንድ ሳያሳስቱ ለመሙላት ያለው ዕድል ከ9 ኩዊንቲሊዮን፣ ማለት ከዘጠኝ ቢሊዮን ቢሊዮን፣ አንድ ነው። ይህ ቍጥር የሚያስተምረን ትሕትናን ነው። ውጤቱ አስቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ተስፋ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ተስፋ ከሌለም አብሮ መቆም ትርጉም የለውም፤ በተረጋገጠ ነገር አጠገብ ማንም ይቆማልና።

የመጨረሻው ጥያቄ የዛሬው ዘመን ያመጣው ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾቹ በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይከፍሏቸዋል፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላውም እንደ ልብ ይሄዳሉ። ዋንጫውን ያስገኘው አሠልጣኝ ቶኒ ቤኔትም በ2024 በኦክቶበር፣ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ሥራውን ተወ። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «ዛሬ የምንደግፈው ማንን ነው? ልብሱን ብቻ ነው እንዴ?» ይላሉ። እኔ ግን የሠራ ሰው ደመወዙን መቀበሉ አያሳዝነኝም፤ የሚያሳዝነኝ ሳይከፈለው መኖሩ ነበር። ደግሞም ተጫዋቹ ድሮም ቢሆን በአራት ዓመት መሄዱ አልቀረም። የማይሄደው አብሮ የሚያየው ሰው ነው። የደጋፊ «እኛ» ከሜዳው ላይ ካሉት ከአምስቱ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ይፈርስ ነበር፤ ነገር ግን አጠገባችን ከተቀመጠው ሰው ጋር ስለሆነ ይጸናል።

ልጄ አሁን ትምህርቱን ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ በሌላ ከተማ ይኖራል። ለዚያ ሌሊት ንግግሬ ይቅርታ የጠየቅሁት በ2018 በጋ ላይ፣ ለዕረፍት ወደ ቤት በመጣ ጊዜ ነው። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ዘንድ ስላልተለመደ በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስሁት፤ እርሱም ሳቀና «ተሸነፍን አባዬ፤ ምን ይደረጋል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የካቲት ሲጋመስ ይደውላል፤ «ዘንድሮ እንገባለን ትላለህ?» ይለኛል። እኔም «እንጃ ልጄ፤ ብንገባም ባንገባም ደውልልኝ» እለዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሌላ ሰው ድል «አሸነፍን» ለማለት ብትወድ ማንም አይከለክልህም፤ ቃሏን በአፍህ ከማውጣትህ በፊት ግን ነገ «ተሸነፍን» ለማለት የሚበቃ ልብ ያለህ መሆንህን አስቀድመህ መርምር።